158 ኪሎፓስካል አዲስ አበባ ላይ፦ የ1ኬዲ ቱርቦ ግፊት በኢኤልኤም327 ሲመዘገብ

ዳገት_በ3ኛ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። መኪናው ሃይሉክስ ነው፤ በፈረንጆቹ የ2012 ሞዴል፣ 1ኬዲ 3.0 ዲ-4ዲ ሞተር፣ ባለ5 ማርሽ ማንዋል። ዳገት ላይ ይደክማል፣ ሲረገጥ ጥቁር ጭስ ያወጣል። የሞተር መብራት አልበራም፣ ኮድም የለም። ከጋራዥ ያገኘሁት መልስ «ቱርቦው አልቋል፣ ይቀየር» ነው፤ ግፊቱን ግን ማንም አልለካም። ስለዚህ በብሉቱዝ ኢኤልኤም327 (የመኪናውን ኮምፒውተር ለስልክ የሚያነብ አስማሚ) እና በካር ስካነር መተግበሪያ መዘገብኩት። 3ኛ ማርሽ፣ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ፣ ለዘብ ያለ ዳገት ላይ፣ የሞተር ውሃ ሙቀት 84 ዲግሪ፦

ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ፦ 77 ኪሎፓስካል
ሚኒሞ (ፔዳል ሳይነካ)፦ 76
1,500 ዙር፦ 98
2,000 ዙር፦ 128
2,500 ዙር፦ 151
3,000 ዙር፦ 158
3,500 ዙር፦ 155

3,000 ዙር ላይ የአየር መጠን ሰንሰሩ (ማፉ) 129 ግራም በሰከንድ ይላል። የማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) አየር ሙቀት 60 ዲግሪ። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ለዚሁ ሞተር ከ220 በላይ ይጽፋሉ። 158 ማለት ቱርቦው አልቋል ማለት ነው?

ኪሎፓስካል

ቱርቦ ለማዘዝ አትቸኩል። መጀመሪያ ቁጥሩ ምን እንደሆነ እንስማማ።

ያነበብከው ፒአይዲ 0ቢ ነው (ፒአይዲ ከመኪናው ኮምፒውተር የሚጠየቅ የአንድ ንባብ መለያ ቁጥር ነው)፤ የማኒፎልድ ፍጹም ግፊት። ከባዶ፣ ማለትም ከሙሉ ቫኩም ተነስቶ ይቆጠራል። የአካባቢው አየር በራሱ የሚጫነው ግፊት በውስጡ አለ። ቱርቦው የጨመረውን ለማግኘት የአካባቢውን መቀነስ ነው፦ 158 ሲቀነስ 77፣ 81 ኪሎፓስካል፤ 0.81 ባር። በፒኤስአይ 11.7 ገደማ።

አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ 76 ወይም 77 ኪሎፓስካል ነው። በባሕር ወለል 101 ነው። አዳማ ስትወርድ 82 አካባቢ ታገኛለህ፣ እንጦጦ አናት ላይ 68 አካባቢ። ዓባይ ሸለቆ ድልድዩ ጋ ደግሞ ወደ 90 ይጠጋል። ስለዚህ «220 አገኘሁ» የሚል ሰው የት ሆኖ እንደለካ ካልጻፈ ቁጥሩ ለአንተ አይረባህም።

ሁለተኛው ነገር የግፊት ንጽጽር ነው። 220 ፍጹም ግፊት በባሕር ወለል ማለት ቱርቦው አየሩን 2.2 እጥፍ አመቀው ማለት ነው። ያንኑ 220 አዲስ አበባ ላይ ለማምጣት 2.9 እጥፍ ማመቅ አለበት። ለዚያ የቱርቦው ዘንግ በጣም በፈጠነ ዙር መሽከርከር ይጠበቅበታል፤ ከመጠን በላይ እንዳይፈጥን የሞተሩ ኮምፒውተር በከፍታ ቦታ የሚፈልገውን ግፊት ራሱ ዝቅ ያደርጋል። ጤነኛ መኪናም እዚህ 220 ላያሳይ ይችላል።

ያም ሆኖ 158 ያንሳል። የጨመረው ግፊት 81 ብቻ መሆኑ፣ ከ2,500 በኋላም ጠፍጣፋ መሆኑ አልተመቸኝም። ደስ ያለኝ ሞተር ሳይነሳ 77 ማሳየቱ ነው፤ የግፊት ሰንሰሩ አልዋሸም። ፒአይዲ 33 የአካባቢ አየር ግፊት ነው። ሞተሩ ሳይነሳ የሁለቱ ልዩነት ከ2 ወይም 3 ኪሎፓስካል ከበለጠ ሌላ ነገር ከመንካት በፊት ሰንሰሩን፣ በቱቦ የሚነበብ ከሆነም ቀጭኑን ቱቦ ፈትሽ። በዘይትና በጥላሸት የተደፈነ ቱቦ ግፊቱን አዘግይቶ ነው የሚያደርሰው፤ ግራፉ ላይ ቱርቦው ሰነፍ ይመስላል።

ማርሽ4

የቱርቦ ማጽጃ ስፕሬይ በአየር መግቢያው በኩል ንፋበት፣ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

ጋሽ_ናፍጣ

ይሄ ምክር ይቅር፣ ልጄ። ቫኖቹ (የጭስ ጋዙን ወደ ቱርቦው የሚመሩት ተንቀሳቃሽ ክንፎች) ያሉት በጭስ ማውጫው ወገን ነው፤ በአየር መግቢያው የተነፋ ስፕሬይ ሞተሩን አልፎ ሲቃጠል እንጂ ቫኖቹን ሲያጥብ አይታይም። በዚያ ላይ ናፍጣ ሞተር በመግቢያው የገባለትን የሚነድ ነገር ሁሉ እንደ ነዳጅ ይቆጥረዋል፤ ብዙ ከተነፋ ዙሩ ከቁጥጥር ይወጣል። ቫኖቹ በጥላሸት ከተያያዙ መፍትሔው ቱርቦውን አውርዶ የጭስ ማውጫ ቤቱን መክፈትና ማጽዳት ነው። ሲከፈት የማቆሚያ ብሎኑን አንድም ዙር እንዳትነኩ፤ የቫኖቹ ዝቅተኛ ክፍተት የሚወሰነው በእሱ ነው።

ጠያቂው ጋ ግን ገና እዚያ አልደረስንም።

ኮምፕሬሰር_ቤት

ማፉን ስለጻፍክ ተባረክ፤ ብዙ ሰው ግፊትን ብቻ ይመዘግብና ግማሹን ማስረጃ ይጥላል። ሒሳቡን እንሥራው።

ሞተሩ 2,982 ሲሲ ነው፣ ባለ4 ምት ስለሆነ በሁለት ዙር አንዴ ይሞላል። በ3,000 ዙር በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲሞላ 4,473 ሊትር በደቂቃ፣ 74.5 ሊትር በሰከንድ። የአየሩ ክብደት ከግፊቱና ከሙቀቱ ይመጣል፦ 158,000 ፓስካል ለ287 እና ለ333 ኬልቪን ብዜት (60 ዲግሪ ማለት ነው) ሲካፈል 1.65 ግራም በሊትር። 74.5 ሲባዛ በ1.65፣ 123 ግራም በሰከንድ። ሲሊንደር መቼም መቶ በመቶ አይሞላም፤ 85 በመቶ ብንወስድ 105 ይሆናል፣ በልግስና 90 በመቶ ብንል 111።

ያንተ ማፍ 129 ይላል።

በማፉ ያለፈው አየር ሞተሩ ሊውጠው ከሚችለው በሰከንድ ወደ 20 ግራም ይበልጣል። ያ አየር ተለክቶ ገብቷል፣ ሲሊንደር ግን አልደረሰም። ከቱርቦው መውጫ እስከ ማኒፎልዱ ባለው መንገድ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ጥቁሩ ጭስም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ የጭስ ገደቡን ከማፍ የሚያሰላ ኮምፒውተር የጠፋውንም አየር ቆጥሮ ነዳጅ ይሰጣል።

ሌሎቹ ጉዳቶች ሌላ መልክ ነው ያላቸው። የአየር ፊልትሮ ከተደፈነ ማፍም ግፊትም አብረው ይወርዳሉ፣ ሒሳቡ ግን ይገጥማል። የኢጂአር ቫልቭ (የተቃጠለ ጋዝ ወደ መግቢያው የሚመልሰው) ተከፍቶ ከቀረ ማፍ ከሒሳቡ በታች ይሆናል፤ የሲሊንደሩን ቦታ የተቃጠለ ጋዝ ይዞበታል። ማፉ በአቧራና በዘይት ከቆሸሸ ግፊቱ መልካም ሆኖ ማፍ ብቻ ያንሳል። በማፉና በቱርቦው መካከል ያለው የመምጠጫ ቱቦ ከተሰነጠቀም እንዲሁ ማፍ ያንሳል፤ ያኛው ግን ያልተጣራ አቧራ ያስገባልና የኮምፕሬሰሩን ክንፍ ይበላዋል፣ ቀን አይሰጥም።

ዳገት_በ3ኛ

አመሰግናለሁ፣ ማፉ ይህን ያህል እንደሚናገር አላወቅሁም። ቫኖቹ ቢሆኑስ ኖሮ ግራፉ ምን ይመስል ነበር?

ኮምፕሬሰር_ቤት

ቫኖቹ ክፍት ቦታ ላይ ከተያዙ ከታች ይሞታል፦ እስከ 2,200 ወይም 2,500 ዙር ግፊቱ አይነሳም፣ የጭስ ማውጫው ጋዝ ሲበዛ ግን ያገግማል። ዝግ ቦታ ላይ ከተያዙ ተቃራኒው ነው፤ ከታች ቶሎ ይነሳል፣ ከሚፈለገው አልፎ ይተኮሳል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይቆርጥና ኮድ ፒ0234 ይመዘገባል። ተንቀሳቅሰው የሚያመነቱ ከሆነ ግራፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣል ይወርዳል። ያንተ የትኛውንም አይደለም፤ ከታችም ከላይም ይጎድለዋል፣ ወደ ላይ ደግሞ ጉድለቱ ይሰፋል። ግፊት ሲጨምር የሚከፈት ስንጥቅ ነው የሚመስለው።

ባሕር_ወለል

ዱባይ ያለ ተመሳሳይ ሞተር፣ የተነካካ ሶፍትዌር የሌለው፣ ለማነጻጸር ያህል፦ ሞተር ሳይነሳ 101፣ 2,000 ዙር 188፣ 3,000 ዙር 222፣ 3ኛ ማርሽ። ጭማሪው 121 ማለት ነው። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና የገዛ ሰው እዚህ የተወሰደውን ግራፍ ይዞ እዚያ «ግፊት ቀነሰ» ቢል ይሳሳታል። ሁለቱም ጫፍ ላይ የአካባቢው ግፊት ይጻፍ።

ሲኤስቪ_ፋይል

ሰዎች፣ ከትንታኔው በፊት የመመዝገቢያው ፍጥነት ይታሰብ። ርካሽ የኢኤልኤም ቅጂዎች በካን መስመር (የአዳዲስ መኪኖች የመረጃ መስመር) በሰከንድ 10 ያህል ንባብ ይሰጣሉ፣ ያውም ለሁሉም በአንድ ላይ። እያንዳንዱ ፒአይዲ ለብቻው ይጠየቃል፣ መልሱ ይጠበቃል። 5 ነገር ካስመዘገብክ እያንዳንዱ በሰከንድ 2 ጊዜ ይደርሰዋል፤ 12 ካስመዘገብክ በሰከንድ አንዴ እንኳን አይሞላም። በ3ኛ ማርሽ ከ1,500 እስከ 3,500 ዙር 10 ሰከንድ ያህል ከፈጀ ከ10 የማይሞላ ነጥብ ይቀርሃል፤ ግማሽ ሰከንድ የሚቆይ የግፊት ዝላይ በመሃል ያልፍሃል። በኬ-ላይን (ከካን በፊት በነበረው መስመር) የሚያወሩ አሮጌዎቹ ደግሞ ከዚህም ይዘገያሉ።

ሌላው የማይታየው ነገር፣ በአንድ ረድፍ የተጻፉት ዙርና ግፊት በአንድ ቅጽበት የተነበቡ አይደሉም። ዙሩ በሰከንድ 200 የሚጨምር ከሆነና በመካከላቸው ግማሽ ሰከንድ ካለ ግፊቱን በ100 ዙር የተንሸራተተ ቦታ ላይ አስቀምጠኸዋል።

የማደርገው ይህን ነው፦ 0ሲ (ዙር)፣ 0ቢ (ግፊት)፣ 10 (ማፍ) እና 49 (የፔዳል አቋም) ብቻ። የአካባቢ ግፊትንና የአየር ሙቀትን ከመነሳቴ በፊት አንዴ፣ ከጨረስኩ በኋላ አንዴ አነባለሁ፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ የትም አይሄዱም። የመተግበሪያውን የጌጥ ሰዓቶች ሁሉ ከስክሪኑ አጥፋ፤ የሚታይ ሰዓት ሁሉ ተራ ይሻማል። በካን ላይ በአንድ ጥያቄ እስከ 6 ፒአይዲ መጠየቅ ይቻላል፣ ይህን የሚደግፍ መተግበሪያና ደህና አስማሚ ካለህ ፍጥነቱ በብዙ ይጨምራል። «ስሪት 1.5» የሚል የተለጠፈበትን ደግሞ ዋናው አምራች ለኢኤልኤም327 አውጥቶት አያውቅም፤ ቅጂ ነው። ቅጂም ቢሆን ለዚህ ሥራ ይበቃል፣ ዝርዝሩ እስካጠረ ድረስ።

ፔዳሉን ለምን አስገባሁ? ግራፉን ሌላ ሰው ሲያየው «ሙሉ በሙሉ ተረግጦ ነበር?» ለሚለው መልሱ እዚያው ይገኛል። አንዳንድ መኪና እስከ ታች ተረግጦም 100 አይልም፤ ቁጥሩ ሳይወዛወዝ ጠፍጣፋ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ።

ማርሽ4

ይቅርታ፣ የስፕሬዩን ነገር ተቀብያለሁ። አንድ ጥያቄ ግን፦ መተግበሪያው ላይ «ቡስት» የሚለው ሰዓት ሚኒሞ ላይ ከዜሮ በታች 0.24 ባር ያሳየኛል። ናፍጣ ሞተር ቫኩም ይፈጥራል እንዴ? ሌላው ደግሞ ቺፕ የተደረገበት አንድ መኪና 255 ላይ እንደ መስመር ቀጥ ብሎ ይቀራል።

ኪሎፓስካል

የመጀመሪያው የመተግበሪያው ስሌት ነው። የአካባቢውን ግፊት ከመኪናው ካላገኘ ባሕር ወለል ላይ እንዳለህ ቆጥሮ 101 ይቀንሳል። 77 ሲቀነስ 101፣ ነጌቲቭ 24፤ ያው 0.24 ባር። አዲስ አበባ ላይ ይህን ቁጥር ሚኒሞ ላይ ያየ ሰው ሁሉ ችግሩ ይኸው ነው ብሎ ይጀምር። በቅንብሩ ውስጥ የአካባቢ ግፊቱን በእጅ አስገባ፣ ወይም ጥሬውን ፍጹም ግፊት መዝግበህ ራስህ ቀንስ። ጥሬው ይሻላል። ግን ጥሬው ፍጹም ግፊት ራሱ ሚኒሞ ላይ ከአካባቢው በ10 ወይም 15 ኪሎፓስካል ከወረደ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም ተዘግቶ የቀረ የአየር መግቢያ ቢራቢሮ ፈልግ፤ አንዳንዱ ሞተር ለኢጂአር ሲል ቢራቢሮውን ሚኒሞ ላይ ጥቂት ስለሚዘጋ ኢጂአሩ ሲቆም ቁጥሩ ይመለስ እንደሆነም እይ።

ሁለተኛው የፒአይዲው ልክ ነው። 0ቢ በአንድ ባይት ይላካል፣ ከ255 በላይ መቁጠር አይችልም። እውነተኛው ግፊት 270 ቢሆንም 255 ነው የሚጽፍ። ሰንሰሩ አልተበላሸም። ፒአይዲ 4ኤፍ ከፍተኛውን ልክ የሚያሳውቅ ከሆነ መተግበሪያው በዚያ ያባዛዋል፤ ካልሆነ 87ን ወይም የአምራቹን የራሱን መለኪያ ተጠቀም። ቱቦ ቆርጦ የግፊት ሰዓት መግጠም ሦስተኛው መንገድ ነው።

ጋሽ_ናፍጣ

ጠያቂው እንዲህ ያድርግ። ሞተሩ ይብረድ። ከፊልትሮ ቤት ወደ ቱርቦው የሚመጣውን ቱቦ ቱርቦው አፍ ላይ ፈትቶ በልኩ የሆነ የፒቪሲ ቧንቧ ክዳን አስገብቶ በማሰሪያ ያጥብቅ። ክዳኑ ላይ ከጎሚስታ ቤት የተጣለ ካላማዳሪ ቫልቭ ይግጠም። ማፉን ከዚህ መንገድ ውጭ ማድረግ ነው ጥቅሙ፣ የሞተሩ ትንፋሽ ቱቦም የሚገባው ከዚያ በፊት ስለሆነ አብሮ ይቀራል።

የዘይት መሙያው ክዳን ይከፈት። አየሩ በተከፈተ ቫልቭ ሲሊንደር ገብቶ፣ በፋሻዎቹ (የፒስተን ቀለበቶች) አልፎ ካርተሩን (የሞተሩን የታች ቤት) ከነፋው ማኅተሞቹን ይገፋል። ከዚያ በኮምፕሬሰር፣ በመቆጣጠሪያ አድርጎ፣ 0.5 ባር፤ ሁሉ ደህና ከሆነ 0.7። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ፊታችሁን ከክዳኑ ፊት አታድርጉ፤ ማሰሪያው ካመለጠ ይወረወራል።

የሳሙና ውሃ በብሩሽ፦ የቱርቦው መውጫ፣ የኢንተርኩለሩ (የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ሁለት ቱቦዎች ከላይም ከሥርም፣ የኢንተርኩለሩ ፕላስቲክና አሉሚኒየም የሚገናኙበት ጠርዝ፣ የማኒፎልዱ ጋስኬት፣ የግፊት ሰንሰሩ ቱቦ። በዚህ ሃይሉክስ ኢንተርኩለሩ ሞተሩ ላይ ኮፋኖው ሥር ስለተቀመጠ ቱቦዎቹ ከላይ ሲታዩ አዲስ ይመስላሉ፤ ሙቀቱ የሚያደርቃቸው ከታች ነው። መስታወት ያዙ። በማርሚታው በኩል ጥቂት ቢተነፍስ አትደንግጡ፣ የተከፈተ ቫልቭ ነው፤ ሞተሩን በእጅ ትንሽ ማዞር ነው።

ለባለ ቫኩም አክቹዌተር (ቫኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል) መኪኖች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ፓምፕ ያለጥፋቱ ሲቀየር ስለማይ። መመሪያው የቫኩም ፓምፑ 86 ኪሎፓስካል ይድረስ የሚል ከሆነ ያ የባሕር ወለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር በሙሉ 76 ነው፤ ፍጹም የሆነ ፓምፕ እንኳን ከዚያ አያልፍም። 68፣ 70 ካመጣ ጤነኛ ነው። ያንተ 1ኬዲ ግን አክቹዌተሩ በኤሌክትሪክ ሞተር ነው የሚሠራው፤ እሱን በፋብሪካው ስካነር የታዘዘውንና የሆነውን አቋም ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው።

ዳገት_በ3ኛ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት ተደረገ። 0.5 ባር ላይ ምንም የለም፤ 0.7 ላይ ከኢንተርኩለሩ ወደ ማኒፎልድ የሚሄደው ቱቦ ከሥሩ፣ ማሰሪያው ጠርዝ ላይ፣ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ስንጥቅ አረፋ አወጣ። ግፊት ከሌለ በእጅ ሲጫኑት ብቻ ነው የሚከፈተው። ቱቦው ከነማሰሪያዎቹ ተቀየረ። በዚያው መንገድ፣ በ4 ፒአይዲ ብቻ፣ ሦስት ጊዜ ተመዘገበ፤ የመካከለኛው ይኸው፦

1,500 ዙር፦ 109
2,000 ዙር፦ 156
2,500 ዙር፦ 186
3,000 ዙር፦ 192
3,500 ዙር፦ 188

ማፍ በ3,000 ዙር 131። ጭሱ ጠፍቷል። ግን 192 ራሱ ይበቃል? ከዱባዩ 222 አሁንም 30 ይጎድለዋል።

ኮምፕሬሰር_ቤት

ሒሳቡ ገጠመ፦ 192 በ60 ዲግሪ ሙቀትና በ85 በመቶ መሞላት 127 ይሰጣል፣ አንተ 131 አለህ። ማፉ ከ129 ወደ 131 ብቻ መንቀሳቀሱን ልብ በል። ቱርቦው ድሮም ያንኑ አየር ያመርት ነበር፤ ያልደረሰው መንገድ ላይ ስለፈሰሰ ነው። አዲስ ቱርቦ ቢገጠም ኖሮ ስንጥቁ እዚያው ይጠብቀው ነበር።

ኪሎፓስካል

192 ለ77 ሲካፈል 2.5 ነው፤ የዱባዩ 222 ለ101 ሲካፈል 2.2። ያንተ ቱርቦ ከእሱ የበለጠ እየሠራ ነው፣ ስለዚህ የ30ው ልዩነት ከከፍታው የመጣ ነው። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጥህ ግን የእኔ ሒሳብ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ራሱ የሚፈልገው ግፊት ነው። እሱ በአጠቃላይ ፒአይዲዎች ሁልጊዜ አይገኝም፤ በቴክስትሪም ወይም የቶዮታን የራሱን መለኪያዎች በሚያነብ ስካነር የሚፈለገውንና የሆነውን በአንድ ግራፍ አስቀምጥ። በሙሉ ጭነት ከ1 ወይም 2 ሰከንድ በኋላ ሁለቱ መስመሮች ከ10 ኪሎፓስካል ባነሰ ተጠጋግተው ከሄዱ ሌላ አትፈልግ።

ማርሽ4

በቆመበት፣ ማርሽ ሳይገባ፣ ዙሩን 3,500 ብናደርሰውስ? ጋራዥ ውስጥ እንደዚያ ነው የሚሞከረው።

ሲኤስቪ_ፋይል

ጭነት ከሌለ ነዳጅ የለም፣ ነዳጅ ከሌለ ቱርቦውን የሚያሽከረክር ሙቅ ጋዝ የለም። ጤነኛ ቱርቦም በቆመበት ከአካባቢው ግፊት ብዙም ፈቀቅ አይልም። መለካት ያለበት በ3ኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ከ1,500 ጀምሮ እስከ 3,500፣ ሰው በሌለበት ዳገት፤ ስልኩን ደግሞ ሾፌሩ ሳይሆን ጎኑ የተቀመጠ ሰው ይያዘው። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን 3 ላይ ያዙት፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ማርሽ ከቀነሰ ግራፉ ለሁለት ይቆረጣል። ዓባይ ሸለቆ ላይ የምትለኩ ደግሞ ከድልድዩ እስከ ደጀን የአካባቢው ግፊት ከ12 ኪሎፓስካል በላይ ስለሚወርድ ፒአይዲ 33ን በየሙከራው መነሻ አንብቡ፤ ከሥር ያነበባችሁትን 90፣ ከላይ ደጀን አካባቢ ከተመዘገበው ግራፍ ብትቀንሱ ያልጠፋ ግፊት ጠፋ ትላላችሁ።